ተቀማጩ ፈረስ

የምሠራበትን ጽሕፈት ቤት ስም አልጠራም። አሰላ ውስጥ እንዳለ፣ ሥራው ባህልን እንደሚመለከት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነና ሊፍቱ ላይ ገና ከተተከለ ጀምሮ «በቅርቡ አገልግሎት ይሰጣል» የሚል ወረቀት እንደተለጠፈ ብቻ ልናገር። እኔ መክሊት እባላለሁ። ከናዝሬት ተመድቤ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። የሥራ አፈጻጸም ቅጼ ላይ አለቃዬ አቶ የኋላሸት «ቁጡ ናት» ብለው ጽፈውብኛል። ጠርተው አሳዩኝ፤ ሳነበው ተቆጣሁ።

ባለፈው ዓመት የበጀት መዝጊያ ሲቃረብ አንድ ደብዳቤ መጣልን። በከተማው አደባባይና መንገድ ዳር ያሉ የቆዩ የእጅ ማስታወቂያዎችና የግድግዳ ሥዕሎች ተለይተው እንደ ቅርስ ይመዝገቡ፣ እድሳትም ይደረግላቸው ይላል። ቀለሙ፣ መሰላሉ፣ መጋረጃው፣ የምረቃው ውሃ ሳይቀር ተፈቅዷል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቆየ ማስታወቂያ።

ዘጠኝ ቀን በእግሬ ዞርኩ። ከተማው ሁሉ ባነር ሆኗል። ፋርማሲው ባነር፣ ሥጋ ቤቱ ባነር፣ ጎሚስታው እንኳ ጎማውን ትቶ ባነር ሰቅሏል። አንዲት ጥርሷን የገለጠች ፈረንጅ አለች፤ የጥርስ ሐኪሙም፣ የሴቶች ፀጉር ቤቱም፣ የሙሽራ ልብስ አከራዩም እሷኑ ነው የለጠፉት። በዘጠነኛው ቀን እግሬ አብጦ፣ ጋሪ ማቆሚያው አጠገብ ያለችው የእታገኘሁ ሻይ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስወጣ ነው ዘወትር የማልፈውን ግድግዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ያየሁት።

ቡላ ፈረስ ነው። ቀይ ጋሪ ይጎትታል፤ ከኋላው ጭላሎ ተራራ አለ። አንገቱ ያምራል፣ ጆሮው ሳይቀር ሕይወት አለው። ችግሩ የኋላ እግሩ ነው። እንደ ማንኛውም ፈረስ ወደ ኋላ መታጠፍ ሲገባው፣ እንደ ሰው ጉልበት ወደ ፊት ታጥፏል። አንድ ሰው ከኋላው ወንበር ስቦለት፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሊቀመጥ የተዘጋጀ ይመስላል። ሰፈሩም በሱ ነው የሚጠራው። ባጃጅ ውስጥ «ተቀማጩ ፈረስ ጋ ወራጅ አለ» ሲባል ሁሌም እሰማ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ኮሚቴው ሰባት ሰው ነበር። መጥቶ አየ፣ ከሥዕሉ ፊት ተሰልፎ ፎቶ ተነሳ፣ እታገኘሁ ጋ ሻይ ጠጣ፣ ቃለ ጉባኤ ፈረመ። ፈረሱ ቅርስ ሆነ።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ሦስቱን ፎቅ ወጥተው በሬ ላይ ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅኳቸው። ጋሽ ይስሃቅ ናቸው፤ የዚህን ከተማ ማስታወቂያ ሁሉ ባነር እስኪመጣ ድረስ በእጃቸው የጻፉ። ፈረሱም የሳቸው ሥራ ነው።

«ልጄ፣ ፈረሴን ልታድሱት ነው አሉ።»

«አዎ ጋሼ። የሚያድሱትም እርስዎ ነዎት፤ ደብዳቤዎ እየተጻፈ ነው።»

ፊታቸው በራ። ወንበሩን ራሳቸው ስበው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ እግሩን አስተካክለዋለሁ።»

መመሪያውን አወጣሁ። «ቅርሱ ያለ አንዳች ለውጥ፣ እንዳለ ይጠበቃል» ይላል። አነበብኩላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩልኝ።

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሐምሌ ነው። የእታገኘሁ እናት፣ ነፍሷን ይማርና ወለተ ማርያም፣ ጋሪ ነጂዎቹ ሻይ ቤቷን እንዲያውቁት ፈረስ ሳልልኝ አለችኝ። አንዱን ፈረስ አጥሯ ላይ አሰረችልኝ። ከፊቱ ጀምሬ ሳልኩ፤ የፊቱ እንደምታይው ነው። የኋላ እግሩ ግን ሣር ውስጥ ነበር። ሣሩን ገልጬ እንዳላይ፣ የሚራገጥ ፈረስ ነው። ዝናቡ መጣ፣ ቀለሙ ሊታጠብ ነው። ምን ላድርግ? ሱሪዬን ሰብስቤ የራሴን እግር እያየሁ ሳልኩት።»

መሳቅ አልነበረብኝም። ሳቅሁ።

«ሳቂ» አሉኝ። «አርባ ዓመት ተስቋል። ያውም የት አገር? አርሲ! ልጁ አፉን ሳይፈታ ፈረስ በሚያውቅበት አገር! ሰርግ ቤት ስገባ ወንበር ተነስቶልኝ ለፈረስህም ወንበር ሳብለት ይሉኛል። የወንድሜ ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አንዱ ጋሪ ነጂ አቅፎኝ እያለቀሰ ፈረሱ ደህና ነው አለኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ግራ ዓይናቸው ነጭ ሞራ ጋርዶታል።

«ቀኙም እየተከተለው ነው። የሳልኩት ሁሉ ተነቅሏል፣ በባነር ተሸፍኗል። የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። እኔ ስሞት ሰው የሚያየው ይሄን ነው። በዚህ እግር ልታስቀብሩኝ ነው?»

ይህን ስሰማ ሳቄ ጠፋ። ወረቀቱን ይዤ አቶ የኋላሸት ቢሮ ገባሁ፤ ስወጣ ግን የበለጠ ተቆጥቼ ወጣሁ። «ስህተቱም የተመዘገበ ነው!» አሉኝ። «ዛሬ እግሩን ብንነካ ነገ ጭላሎን ትንሽ ቀና አድርጉልን የሚል ይመጣል።» ጋሽ ይስሃቅን ቅርሱን አልለውጥም የሚል ወረቀት አስፈረሟቸው። እኔንም ሥራው እስኪያልቅ ከግድግዳው ሥር ቆሜ የፈረሱን እግር እንድጠብቅ መደቡኝ። ዲግሪዬን ስይዝ እናቴ እልል ያለችው ለዚህ ኖሯል።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። በመጀመሪያው ቀን ጭላሎና ሰማዩ፣ በሁለተኛው ጋሪውና የፈረሱ ፊት ታደሱ። ሽማግሌው በአንድ ዓይን እየሠሩ እንኳ እጃቸው አይሳሳትም። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ የኋላ እግሩ ጋ ደረሱ። ብሩሹን እንደያዙ ቆሙና አዩኝ። አልለመኑኝም።

«እኔ ሻይ ልጠጣ ነው» አልኩ።

እታገኘሁ «አሁን ጠጥተሽ ወጣሽ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ልድገም» አልኳት። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ አራት ሻይ ጠጣሁ። ስወጣ ፈረሱ እየሄደ ነበር። እውነተኛ ፈረስ! ከሰኮናው ሥር አቧራ የሚነሳ እስኪመስለኝ ድረስ ያምር ነበር፤ ይህን በማንም ፊት እመሰክራለሁ። ጋሽ ይስሃቅ ብሩሹን በናፍጣ ያጥባሉ። «አሁን ነጻ ወጣሁ» አሉ።

ምረቃው ሐሙስ ሆነ። አቶ የኋላሸት መጋረጃውን ገፈው ፈረሱን ከራስ እስከ ሰኮና አዩት፣ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። «ከአርባ ዓመት በፊት እንደነበረ፣ አንዲት መስመር ሳይለወጥ!» ብለው ንግግር አደረጉ። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አንዱም አላወቀም። እኔ ላብ አጥምቆኝ የቆምኩት በከንቱ ነበር። መንግሥት ቅርስ ብሎ የመዘገበውን ፈረስ አይቶት አያውቅም።

ጋሪ ነጂዎቹ ግን አወቁ። ጋሪዎቻቸው አጠገብ እንደቆሙ አንዳቸውም አላጨበጨቡም። ከመካከላቸው ጋሽ ሁሴኖ የሚባሉት፣ በዚያ ማቆሚያ ላይ ፂማቸው የሸበተ አንጋፋ፣ ቀርበው እግሩን ብዙ ጊዜ አዩት። «ጥሩ ፈረስ ነው» አሉና ተመለሱ። ጋሽ ይስሃቅ እንደ ምስጋና ቆጥረውት ደስ አላቸው። እኔን ግን የአነጋገራቸው ቅላጼ አላማረኝም፤ ሰው የማያውቀውን ፈረስ ገበያ ላይ ሲያይ እንዲህ ነው የሚለው።

ከምረቃው ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ፈነዳ። ጠዋት ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሰች ሴት ሦስቱን ፎቅ ወጥታ ጮኸች። «የት ወሰዳችሁት? ፈረሱን የት ወሰዳችሁት?»

ወይዘሮ ውድነሽ ትባላለች። ቤቷ ከሻይ ቤቱ ጀርባ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እናቷ አርፈውባት ጎበሳ ላሉት ዘመዶቿ ደውላ፣ «ተቀማጩ ፈረስ ጋ ስትደርሱ ወርዳችሁ በግራ ግቡ» ብላቸዋለች። እነሱም አንድ ሚኒባስ ሞልተው መጡ። ሾፌሩ መንገዱን ሁሉ በዓይኑ እየፈለገ ሲያልፍ ግድግዳው ላይ ፈረስ አየ። «ይሄ እንኳ እየሄደ ነው፤ እኛ የተባልነው ተቀማጭ ነው» አላቸው። ትክክል ነበር፤ ምን አጠፋ? ትንሽ እንደነዳ ግራ እጅ ላይ ድንኳን ታየው። አወረዳቸው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «እናታችን! እናታችን!» እያሉ ገቡ።

የሌላ ሰው ለቅሶ ነበር።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው፤ ዘመድ እምብዛም የላቸውም። ቤተሰቡ ይህን ያህል ለቀስተኛ ሲመጣለት በደስታና በሐዘን መካከል ሆኖ ቆሞ ተቀበላቸው። «እናታችን» ሲሉም ሰው በሐዘን ጊዜ ያሻውን ይላል ብሎ አለፋቸው። የጎበሳዎቹ ዘመዶች ሲደክሙ ቀና ብለው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ አዩ። ትልቅ ሪዝ ያለው ሰውዬ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ወንበር ተነስቶላቸው፣ ንፍሮ ተዘግኖላቸው፣ የሟች ሚስት የትልቅየዋን እጅ ይዘው እያለቀሱ ነበር። ታዲያ እንዴት ተብሎ ተነስቶ ይወጣል? ምን ይሏቸዋል? አንዱ ላንዱ በጆሮው ተንሾካሾከ። ተቀመጡ። ተሸካሚ ስላነሰም ወንዶቹ ሬሳ ተሸክመው ቀበሩ። ለውድነሽ ስልክ እንዳይመልሱ ለቅሶ ቤት ስልክ ማንሳት ነውር ነው። የሷ ድንኳን ሲደርሱ እናቷ ከተቀበሩ ሁለት ሰዓት አልፏል።

«አንድ ሚኒባስ ዘመዶቼ የሰው ሽማግሌ ቀበሩልኝ!» አለች ውድነሽ። «እናቴን ጎረቤት ብቻ ሸኛት። አንዱ ጎኔ እስካሁን ባዶ ነው።» ከዚያ ወንበር ላይ ወድቃ እውነተኛ ለቅሶ አለቀሰች። በታሪኩ ልስቅ የነበርኩት እኔ ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያን ሻይ የጠጣሁት እኔ ነኝ።

ተናዘዝኩ። አቶ የኋላሸት ፊታቸው አመድ መሰለ። የጨነቃቸው ግን ፈረሱ አልነበረም፤ ሪፖርቱ ነው። «ያለ ለውጥ ተጠብቋል ብለን ለበላይ ልከናል። ያልተለወጠ ነገር እንዴት ነው የሚመለሰው?» ግማሽ ቀን በር ዘግተው አሰቡና «ተጨማሪ የጥበቃ ሥራ» የሚል ደብዳቤ ይዘው ወጡ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ ሊጽፉ ነበር። ምክንያቱን ከጻፉ ሪፖርታቸው ስለሚፈርስ በቃል ሰድበውኝ ተውኝ።

ለጋሽ ይስሃቅ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ቤታቸው ስደርስ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «አርባ ዓመት ታስሬ ሳምንት ተፈታሁ፤ መልሰሽ ልታስሪኝ መጣሽ?» አሉኝ።  ለቢሮው ብዬ አልሄድም አሉ። የውድነሽ እናት እንዴት እንደተቀበሩ ስነግራቸው ግን ተነስተው ብሩሾቹን ከጣሪያው ሥር አወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት እግሩን በቀለም ሸፈኑትና እንደ ድሮው አጥፈው መሣል ጀመሩ። እምቢ አላቸው። አንዴ የውሻ እግር ሆነ፣ አንዴ የጠረጴዛ። ለካ አርባ ዓመት ሙሉ ቤታቸው ተቀምጠው ትክክለኛውን እግር በወረቀት ላይ ሲለማመዱ ኖረዋል። እጃቸው ስህተቱን ጨርሶ ረስቶታል። «ሱሪዎን ይሰብስቡና የራስዎን እግር ይዩ» አልኳቸው። ሰብስበው አዩ። «ይሄ የሽማግሌ እግር ነው» አሉ አዝነው። እንደ ቅጂ ይሆነናል ብለን የቅርስ መዝገቡን ፎቶ ብናወጣው፣ ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት ጀርባ የሚታየው የፈረሱ ጆሮ ብቻ ነው። እታገኘሁ ስልኳን ፈለገች፤ ባዶ። ሰው በየቀኑ የሚያየውን ነገር ፎቶ አያነሳም።

ይሄኔ ነው ጋሽ ሁሴኖ ጅራፋቸውን እንደያዙ የቀረቡት። «ሚቲ!» አሉ፣ በኦሮምኛ አይደለም ማለታቸው ነው። «ጉልበቱ ዝቅ ይላል። ከጋሪው እንጨት አንድ ስንዝር።»

ጋሽ ይስሃቅ ዞረው ገላመጧቸው፤ ዝቅ አደረጉት ግን።

«ሚቲ! ወደ ፊት ግፋው» አለ ሌላው ነጂ። «ሰኮናው ተጣሞ ነበር። ዝሆን እንደረገጠው ሆኖ።»

«የግራው ከቀኙ ያጥራል» አለ ሦስተኛው። «ከጭኑ ላይ ደግሞ የቀለም ጠብታ ነበረች፤ ሲዘንብ የወረደች።»

«ጠብታ አልነበረም!» አሉ ጋሽ ይስሃቅ።

«ነበረች!» አሉ ስድስት ሰዎች ባንድ ድምፅ። አንዱ መሬቱ ላይ በጅራፉ እጀታ እግሩን ሣለው፤ ሌላው አጠፋውና አስተካክሎ ሣለው። አንድ ጣት ግራ፣ ግማሽ ጣት ቀኝ እያሉ ተጨቃጨቁ። መንገደኛ ጋሪ ላይ ወጥቶ «አትነዱም ወይ?» ይላል፤ የሚሰማው የለም። እኔ ለሦስት ወር ፋይል የያዝኩለትን ፈረስ እነሱ በልባቸው ይዘውታል። ጋሽ ይስሃቅ ሲቀቡ፣ ሲጠርጉ፣ መልሰው ሲቀቡ ቀትር ሆነ። በመጨረሻ ብሩሹ አንዲት ጠብታ ጭኑ ላይ ጣለ።

ጋሽ ሁሴኖ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው አዩ። «ኢሱማ» አሉ። «ራሱ ነው። መጣ።» ነጂዎቹ ሁሉ ሳቁ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ጋሽ ይስሃቅ ከመሰላሉ ወርደው ፊታቸውን ከቀለሙ በጨርቅ ጠረጉ። «ይሄን ያህል ዘመን እንዲህ ነበር የምትስቁብኝ?» አሉ።

«ስቀናል እንጂ!» አሉ ጋሽ ሁሴኖ። «የትኛው ቀን ነው ያልሳቅነው? ክረምቱ አጥንት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ባጃጅ ሲመርጥ፣ ፈረሳችን ሲታመም፣ ቀና ብለን እሱን እናያለን። እሱ ሊቀመጥ ነው፤ ወንበር የለም። እንስቃለን። ከዚያ እንነዳለን። ሌላ ምን ነበረን?»

«እኔ እኮ በዚህ ማለፍ ትቼ ነበር» አሉ ጋሽ ይስሃቅ ድምፃቸው እየተሰበረ። «በጀርባው ጭቃ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።»

«እናውቃለን፣ እናይሃለን። አንድ ቀን ይመጣል፣ አብሮን ይስቃል ስንል ኖርን። የቀረኸው አንተ ነህ።»

 ሽማግሌው መሰላሉን ተደገፉ፤ ደህናው ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ጋሽ ሁሴኖ ጋሪያቸውን አስጠግተው ክንዳቸውን ይዘው ላዩ ላይ አወጧቸው፤ እኔም የቀለሙን ባልዲ ከእግራቸው ሥር አስቀመጥኩ።

«በየት ልንዳው? በጀርባ ነው?»

ጋሽ ይስሃቅ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «በዋናው ንዳው» አሉ። «ቀስ ብለህ።»